በአንድ ዘመን፣ በሁለት በር፦ የኢትዮጵያና የሶቪየት አይሁዶች በእስራኤል

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማታ ይህን ያህል ሰው መምጣቱ ደስ ይላል።

ዛሬ የማነሣው ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ጥያቄ ነው። የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ነገር ሲወራ አንድ ሰው ማንሣቱ አይቀርም። «ሩሲያዎቹም የገቡት ያኔ ነው። እነሱ ዶክተር ሆኑ፣ መሐንዲስ ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ። የእኛዎቹ ለምን ወደ ኋላ ቀሩ?» ይላል። አንዳንዱ በቁጭት ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ በልቡ ይዞ ነው።

ጥያቄውን አልሸሸውም። ልዩነቱ እውነት ነው። በደመወዝ ይታያል፣ በመኖሪያ ሰፈር ይታያል፣ በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይታያል። ግን ከሁለት ቦታ የመጣ ልዩነት ነው። አንዱን ጊዜ ይፈታዋል። ሌላውን ጊዜ ብቻውን አይፈታውም። ሁለቱን ካደባለቅን ወይ የተበደለን ሰው እንወቅሳለን፣ ወይ እውነተኛውን የመነሻ ልዩነት እንደብቃለን። እኔ ሁለቱንም ማድረግ አልፈልግም።

ዓመቶቹን በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው። የኛን አቆጣጠር ስጠቀም እገልጻለሁ።

ከሶቪየት በኩል እንጀምር። በጎርባቾቭ ዘመን በሩ ተከፈተ። አሜሪካ ደግሞ በ1989 መገባደጃ ላይ ለሶቪየት አይሁዶች የምትሰጠውን የስደተኝነት ዕድል አጠበበች። ስለዚህ ሰዉ ወደ እስራኤል ጎረፈ። በ1990 ብቻ 185 ሺህ ገደማ ገባ። በ1991 ደግሞ ወደ 148 ሺህ። አገሪቱ ያኔ የነበራት ሕዝብ 4 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ፍልሰቱ ለዓመታት ቀጥሎ በጠቅላላው ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ደረሰ። እስራኤል ውስጥ ሁሉንም «ሩሲያዎች» ይሏቸዋል። ከዩክሬን፣ ከቤላሩስ፣ ከኡዝቤኪስታንና ከካውካሰስ የመጡትም ብዙ ናቸው። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

የእኛዎቹን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም መናገር አለብኝ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ነው። ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከሰሜንና ከትግራይ በእግር ተነሥተው ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ገቡ። በመንገድና በመጠለያው ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው ዘመቻ ሙሴ 8 ሺህ ገደማ ሰው ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ወጣ። ከዚያ ወሬው ሾለከ፤ በረራውም ተቋረጠ። ብዙ ቤተሰብ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ቀረ።

ሁለተኛው ትልቅ የአየር ጉዞ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣው ዘመቻ ሰለሞን፣ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ከወጣ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ደግሞ አራት ቀን ቀርቶታል። እስራኤል ለኢትዮጵያ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ 300 በላይ ሰው ተጓጓዘ። በአንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1 ሺህ 80 በላይ ሰው ተጭኗል። ወንበሮቹን አውጥተው ነው። ሰዉ ይዞት የወጣው የለበሰውን ልብስ ነበር። ከተጓዡ ግማሽ ያህሉ ልጅ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች አንድ አየር ማረፊያ ላይ አቁሟቸው። ቤን ጉሪዮን፣ 1991።

የመነሻው ልዩነት የሚያከራክር አይደለም። ከሶቪየት ከመጡት ጎልማሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከፍተኛ ትምህርት ነበራቸው። በ1989 እስራኤል ውስጥ 30 ሺህ ገደማ መሐንዲስና 15 ሺህ ገደማ ሐኪም ነበር። ከ1990 እስከ 1993 ባለው ጊዜ ብቻ ከሶቪየት 57 ሺህ ገደማ መሐንዲስና 12 ሺህ ገደማ ሐኪም ገባ። የመሐንዲሶቹን ቁጥር ልብ በሉ። አገሪቱ ከነበሯት መሐንዲሶች በእጥፍ የሚጠጋ ነው።

የእኛዎቹ ገበሬ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ነበሩ። በገዛ አገራቸው ርስት ተከልክለው በጭሰኝነት የኖሩ ናቸው። አብዛኛው ጎልማሳ በየትኛውም ቋንቋ አያነብም አይጽፍም ነበር። የእጅ ሥራቸው የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን አሽዶድ ወይም ኔታንያ ውስጥ እንጨት ማረሻ የሚገዛ የለም።

የቤተሰቡ ቅርጽም ይለያያል። የሩሲያው ቤተሰብ ባብዛኛው አንድ ልጅ፣ ሁለት የሚሠሩ ወላጆችና አንድ አያት ነው። አያቲቱ ልጁን ትይዛለች፤ እናትና አባት ሁለት ሦስት ሥራ ይሠራሉ፤ ሦስት ትውልድ በአንድ አፓርትመንት ይኖራል። የኢትዮጵያው ቤተሰብ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ልጅ ሊኖረው ይችላል። ሱዳን ላይ አባት ወይም እናት ያጣም ብዙ ነው። አንድ ደመወዝ ለስንት አፍ እንደሚከፋፈል አስቡት። በነፍስ ወከፍ ገቢ ስናወዳድር ይሄን ካላየን ቁጥሩ ይሸውደናል።

እዚህ ላይ ቆመን «በቃ፣ ትምህርት ነው» ማለት እንችላለን። ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚህ ነው። እኔ ግን ከዚህ አልፈን መንግሥት ሁለቱን እንዴት እንደተቀበላቸው ማየት አለብን እላለሁ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይሄ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሩሲያዎቹ የገቡት «ቀጥተኛ ክሊታ»፣ ማለትም በቀጥታ ከኅብረተሰቡ መቀላቀል፣ በሚባለው መንገድ ነው። ቤተሰቡ አየር ማረፊያ ላይ ወረቀቱን ይጨርሳል፤ መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል። የቤት ኪራዩን ራሱ ይፈልጋል። የሚኖርበትን ከተማ ራሱ ይመርጣል። ኡልፓን የሚባል የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቶ ዕብራይስጥ ይማራል። ከተሳሳተ ራሱ ተሳስቶ ራሱ ያርማል።

ኢትዮጵያውያኑ የገቡት መርካዝ ክሊታ ወደሚባለው የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል ነው። ሲሞላም ሆቴል ውስጥ፤ ከዚያም ካራቫን በሚባሉ ተንቀሳቃሽ ቤቶች የተሠራ ሰፈር። የካራቫን ሰፈሮቹ ብዙዎቹ ከከተማ የወጡ ነበሩ። ሥራ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ጥቂት ነው። ልጁ የት ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ወረቀቱን የሚሞላው የማዕከሉ ሠራተኛ ነው። ለጊዜው የተባለው ኑሮ ለብዙዎች ዓመታት ፈጀ።

ይህን ያደረጉት ሰዎች በክፋት ነው አልልም። ብዙዎቹ ከልባቸው ሊረዱ የፈለጉ ናቸው። «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ቢሰጣቸው ይጠፋባቸዋል» ብለው አስበዋል። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ሰሜን ጎንደር ውስጥ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ደም የሚያስታርቅ፣ እህሉን ከዓመት ዓመት የሚያደርስ አባወራ ለዓመታት ምንም ሳይወስን ኖረ። ልጁ ዕብራይስጥ በቶሎ ያዘና የአባቱ አስተርጓሚ ሆነ። ሐኪም ቤት ልጁ ይናገራል፣ አባት ይሰማል። ባንክም እንዲሁ። በቤት ውስጥ የተናጋው ሥልጣን በቀላሉ አልተመለሰም። ዛሬ እስራኤል ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ይሄን ነው።

በ1993 መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ልዩ የቤት ብድር አወጣ። አብዛኛው ገንዘብ በስጦታ መልክ የሚታሰብ ስለነበር በወረቀት ላይ በጣም ለጋስ ነው። ሐሳቡ ሰዉ በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ባሉ ጥሩ ከተሞች ተበታትኖ እንዲኖር ነበር። ገንዘቡ ግን የሚበቃው በእነዚያ ከተሞች ውስጥ ላሉት አሮጌና ርካሽ ሰፈሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም እነዚያው ሰፈሮች ውስጥ ገዛ። ሬሆቮት ውስጥ ኪርያት ሞሼን ሂዱና እዩ። አቅም ያለው ነባር ነዋሪ ወጣ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ሆነ። ለመበተን የታሰበው እቅድ አንድ ቦታ አከማቻቸው።

ወደ ሥራ እንሂድ። የሩሲያዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት መራራ ነበሩ። የፊዚክስ ባለሙያ መንገድ ጠረገ። ቫዮሊን ተጫዋች በኢየሩሳሌም ጎዳና ላይ ለሳንቲም ተጫወተ። ዝቪ ኤክስታይንና ዮራም ዋይስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን የእነዚህን ሰዎች ደመወዝ ለዓመታት ተከታትለዋል። ያገኙት ነገር አስገራሚ ነው። እነዚህ ስደተኞች በገቡበት ጊዜ በአገራቸው የተማሩት ትምህርት በደመወዛቸው ላይ ምንም አልጨመረላቸውም። ምንም! ከዚያ ግን የተማሩት ሰዎች ደመወዝ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በየዓመቱ ወደ 8 በመቶ አደገ። ቋንቋ ያዙ፣ ፈተና አለፉ፣ ከጽዳት ወደ ቴክኒሺያን፣ ከቴክኒሺያን ወደ መሐንዲስ ተሻገሩ። ሆኖም ተመሳሳይ ትምህርት ያለውን ነባር እስራኤላዊ በአማካይ ሙሉ በሙሉ አልደረሱበትም።

መንግሥትም አገዘ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች፣ መጀመሪያ 20 ዓመት በኋላ 14 ዓመት ለሠሩት፣ የፈቃድ ፈተናው ቀርቶላቸው ለስድስት ወር ሆስፒታል ውስጥ በክትትል እንዲሠሩ ተደረገ። ለሳይንቲስቶቹ በ1991 የቴክኖሎጂ ማሳደጊያ ማዕከላት ተከፈቱ። ይህ ሁሉ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ልብ በሉ፦ እነዚህ መርሐ ግብሮች ሰዉ ይዞት ከመጣው ዕውቀት ተነሥተው የተቀረጹ ናቸው። ለኢትዮጵያውያኑ የተቀረጹት ደግሞ ከጎደላቸው ነገር ተነሥተው ነው።

በሩሲያዎቹም ላይ የደረሰውን መሸፈን ተገቢ አይደለም። በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው የገቡት ብዙዎቹ ወደ ሙያቸው ሳይመለሱ ጡረታ ወጡ። እስራኤል ውስጥ በቂ ዓመት ስላልሠሩ የጡረታ ቁጠባ የላቸውም። በእርጅና ድጎማ ብቻ የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቤት የሌላቸው አዛውንቶች በብዙ ሺህ ናቸው። ሞስኮ ለእነሱ ጡረታ ለመክፈል ስምምነት የፈረመችው በ2016 ነው፤ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «ሩሲያዎቹ ተሳካላቸው» ስንል እነዚህን ሰዎች ረስተን ነው።

አሁን ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ በልጆቹ ላይ ነው የሚታየው።

ሩሲያዎቹ አስተማሪዎች የእስራኤልን ትምህርት ቤት አይተው አልወደዱትም። ሒሳብና ፊዚክሱ ላላ ያለ ሆኖ ተሰማቸው። በ1991 አካባቢ ሥራ አጥ የነበሩ መምህራን ተሰባስበው ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ጀመሩ። ሞፌት ይባላል። መጀመሪያ የወላጆችና የመምህራን ጥረት ነበር፤ እኛ ዕድር እንደምናቋቁመው ማለት ነው። ቴል አቪቭ ያለው ሸቫህ የተባለ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ እያጣ ነበር፤ የሞፌት መምህራንን ተቀበለና ስመ ጥር ሆነ። በኋላ መንግሥት ዕውቅና ሰጠው፤ አሠራሩ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ተስፋፋ።

የኢትዮጵያውያን ወላጆች እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ አይችሉም ነበር። በመካከላቸው የፊዚክስ መምህር አልነበረም። ግን ሌላም ነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹ ወደ ሃይማኖታዊ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ተወሰነ። ወላጅ አልተጠየቀም። አሥራዎቹ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። በዚያ ትምህርት ቤት ስማቸው ሳይቀር ወደ ዕብራይስጥ የተቀየረባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ወደ ሙያ ክፍሎች ተመድበው የዩኒቨርሲቲውን በር ሳያዩ የቀሩም አሉ።

ለመሆኑ የትምህርት ቤቱ ጥራት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ይህን በማስረጃ የሚመልስ ጥናት አለ። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓሰርማን በ2004 ያሳተሙት ነው። በዘመቻ ሰለሞን የገቡት ቤተሰቦች በየማዕከሉ የተመደቡት በግርግር ነው። ልጁ የገባው ማዕከሉ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ማንም መርጦ አልሄደም። ስለዚህ ዕጣ እንደማውጣት ሆነ። አጥኚዎቹ ልጆቹን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታተሏቸው። በሒሳብ ጠንካራ የሆነ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ዝቅ አለ። ባግሩት የሚባለውን የማጠናቀቂያ ፈተና የማለፍ ዕድላቸው ደግሞ ከፍ አለ።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወላጆቹ ያው ናቸው። መንደሩ ያው ነው። አውሮፕላኑ ያው ነው። የተለየው የትምህርት ቤቱ በር ነው። «ባህላቸው ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ዛሬ ሁኔታው ከ1990ዎቹ በጣም ተሻሽሏል። ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ አለ፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው እዚያው የተወለደ ነው። አብዛኛው ወጣት ባግሩት ይዞ ይወጣል። የቀረው ክፍተት ያለው በደረጃው ነው። እስራኤል ውስጥ ሒሳብን በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዩኒት መፈተን ይቻላል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፈተናው ይከብዳል። በ3 ዩኒት ያለፈ ልጅ ባግሩት አለው፤ ኢንጂነሪንግ ለመግባት ግን ብዙም አይረዳውም። እንግሊዝኛም እንደዚሁ። ስለዚህ «ስንት በመቶ አለፉ?» ብቻ ሳይሆን «በስንት ዩኒት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፖለቲካውን ባጭሩ ላንሳ። ቁጥር ጉልበት ነው። ከሶቪየት የመጣው ናታን ሻራንስኪ በ1996 ምርጫ የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ ከ120 የክነሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ ወንበር 7 አገኘ። እንደሱው ከሶቪየት የመጣው የአቪግዶር ሊበርማን ፓርቲ በ2009 ምርጫ 15 ወንበር አገኘ። ሩሲያዎቹ የራሳቸው ጋዜጣ፣ ቴሌቪዥን፣ የምግብ ሱቅ፣ ቴአትር ነበራቸው፤ ምክንያቱም የሚገዛና የሚያይ አንድ ሚሊዮን ሰው አለ። ኢትዮጵያውያኑ በሌሎች ፓርቲዎች ውስጥ አንድ ሁለት ወንበር ነው የሚያገኙት። የመጀመሪያው አዲሱ መሰለ ነው፣ በ1996። ፕኒና ታማኖ ሻታ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የገባች ልጅ ነች፤ በ2020 የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ የተወለደች ሚኒስትር ሆነች። የምትደሰቱበት ነገር ነው። ግን አንድ ሚኒስትርና የራሱ ፓርቲ ያለው ማኅበረሰብ እኩል አቅም የላቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል መጣን።

ሁለቱም ማኅበረሰቦች «በእርግጥ አይሁድ ናችሁ ወይ?» ተብለዋል። አጠያየቁ ግን ለየቅል ነው። አይሁዶች ወደ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ በሚፈቅደው በመመለስ ሕጉ መሠረት አንድ አያቱ አይሁዳዊ የሆነ ሰው መግባት ይችላል። ስለዚህ ከሶቪየት ከገቡት መካከል በሃይማኖት ሕግ አይሁድ ተብለው የማይቆጠሩ በመቶ ሺዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች አገር ውስጥ በራቢናት፣ የአይሁዶችን ጋብቻ በሚፈጽመው የሃይማኖት ተቋም፣ መጋባት አይችሉም፤ ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የሚነካው እያንዳንዱን ሰው በየወረቀቱ ነው።

ለቤተ እስራኤል ጥያቄው ለመላው ሕዝብ ነበር። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ ናቸው ብለው ወስነዋል። መንግሥትም በ1975 ተቀብሎታል። ይህ ሁሉ ሆኖ በ1985 ራቢናቱ ለጋብቻ የመንጻት ሥርዓት ይፈጽሙ አለ። ለአይሁድነታቸው ሲሉ ርስት ያጡ፣ ልጅ የቀበሩ ሰዎች ናቸው እኮ! ኢየሩሳሌም ራቢናቱ ደጃፍ ላይ ለሳምንታት ተቀመጡ። ቄሶቻቸው በአገራቸው ሕዝብ ያስተዳደሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚያ ግን ማጋባት ተከለከሉ። የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ የታወቀው በ2008 ነው።

በጥር 1996 ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በኤችአይቪ ስጋት ስም ለዓመታት በምስጢር ሲደፋ መኖሩ ታወቀ። የሰጠው ሰው አያውቅም፤ አመሰግናለሁ ተብሎ ይሸኛል። ወደ 10 ሺህ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ወጣ። ያ ቀን ነው ማኅበረሰቡ በይፋ የተቆጣው። ደም መስጠት ለማንኛውም ሰው «የዚህ አገር ሰው ነኝ» ከሚልባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ቁስሉ የጠለቀውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጊዜ የሚፈታው አለ፣ የማይፈታው አለ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የሚለየው። አንድ ከኪየቭ የመጣ ልጅ በ1995 ክፍል ውስጥ ይሰደባል። «ሩሲያዊ፣ ወደ አገርህ ሂድ» ይሉታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ዕብራይስጡ ይስተካከላል። ወታደር ቤት ይገባል። አድጎ ራሱ ልጅ ሲወልድ ደግሞ የዚያን ልጅ አመጣጥ በመንገድ ላይ ማንም አያውቀውም። መድልዎው የሚይዘው ምልክት ጠፋ።

ኔታንያ የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ ዕብራይስጡ ከመጀመሪያው ቀን የእናት ቋንቋው ነው። አማርኛ ብዙም አይችልም። ወታደር ቤት ይሄዳል፣ ብዙዎቹም በተዋጊ ክፍል ያገለግላሉ። ማታ ከጓደኞቹ ጋር መናፈሻ ውስጥ ሲቀመጥ ግን መታወቂያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በ2015 ሆሎን ከተማ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ተቀረጸ፤ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ። በቀጣዩ ዓመት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ በኤሚ ፓልሞር የተመራ ኮሚቴ ዘረኝነቱ መኖሩን በመንግሥት ማኅተም አረጋገጠ። ሰኔ 2019 መጨረሻ ላይ ኪርያት ሐይም ውስጥ ከሥራ ውጭ የነበረ ፖሊስ አንድ ወጣት ተኩሶ ገደለ። በአገሪቱ ዙሪያ መንገድ ተዘጋ።

ሰልፍ የወጡት እነማን እንደነበሩ አስተውሉ። ወላጆቻቸው አይደሉም። እዚያው የተወለዱት፣ የተማሩት፣ ያገለገሉት ናቸው። ወላጆቹ ብዙውን ነገር ታገሡ፤ ኢየሩሳሌም መድረሳቸው ራሱ ለእነሱ ተአምር ነበር። ልጆቹ ግን የሚጠይቁት ጎረቤታቸው ያለውን ነው።

እዚህም ለውጥ መጥቷል፣ ግን ጊዜ ስለሄደ አልመጣም። በ2011 መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጆችን በተመጣጣኝ ቁጥር እንዲቀጥሩ ሕጉ ተሻሻለ። «ጠበቃ» የተባለው የማኅበረሰቡ የሕግ ድርጅት ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ መታወቂያ የሚጠይቅበትን አሠራር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ከሰሰ። በጥር 2021 ተፈረደለት። ሕግ የተቀየረው ሰዎች ስለከሰሱና ስለተሰለፉ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነው። «ሩሲያዎች» ስንል በውስጡ የካውካሰስ ተራራ አይሁዶችና የቡኻራ አይሁዶች አሉ። የካውካሰሶቹ ልጆች በ1990ዎቹ ትምህርት በብዛት ያቋርጡ ነበር። ቤተሰባቸው ትልቅ ነው፣ ወላጆቻቸው እንደ ሞስኮዎቹ ዲግሪ የላቸውም። በአማካዩ ውስጥ ተደብቀው ማንም ሳያያቸው ቀሩ። የእኛዎቹም አንድ አይደሉም። በ1984 ከትግራይና ከጎንደር በሱዳን የገባው፣ በ1991 በአዲስ አበባ በኩል የገባው፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጎንደር ጠብቆ የገባው ኑሯቸው ለየብቻ ነው። አማካይ ቁጥር የሰማችሁ እንደሆነ በውስጡ ማን እንዳለ ጠይቁ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ በርካታ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። አንዲት ወጣት የጠየቀችውን ብቻ እዚህ አክላለሁ። «ይሄ ሁሉ የ1991 ታሪክ ነው። ዛሬ ለሚገቡትስ አሠራሩ ተቀይሯል?» አለች።

ያልኩት ይህን ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ከሩሲያና ከዩክሬን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እስራኤል ገቡ። ድጋፋቸው በጥሬ ገንዘብ፣ በገዛ ምርጫቸው ነው፤ በ1990 እንደነበረው። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የገባው ከ2 ሺህ ያነሰ ሰው ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ወላጁ ወይም ወንድሙ እስራኤል እያለ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው አለ። አያቶቻቸው ክርስትና ተቀብለው ነበር ተብሎ በመመለስ ሕጉ ስለማይታዩ፣ የሚገቡት በልዩ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ወደ አይሁድነት የመመለስ ሥርዓትም መፈጸም አለባቸው። ሲገቡም የሚወሰዱት ወደ መርካዝ ክሊታ ነው።

እነዚህ ሰዎች እኮ በ1991 እንደገቡት አይደሉም። ብዙዎቹ ከተማ ውስጥ የኖሩ ናቸው። ልጆቻቸው ተምረዋል። ኔታንያና አሽዶድ ውስጥ ቋንቋውን የሚችል፣ ቤት ያለው ዘመድ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሲገባ ምርጫ ይሰጠው። ማዕከል መግባት የፈለገ ይግባ። ገንዘቡን ይዞ እህቱ ያለችበት ከተማ ቤት መከራየት የፈለገም ይከራይ፤ ልጆቹንም የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ራሱ አይቶ ያስመዝግብ።